በጁምዓ ሰዓት የሚያርፈው ዋይፋይ

ይድረስ ለክቡር የጮራ የሕዝብ መረጃ ማዕከል ኃላፊ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔና ባለቤቴ ሀዲያ ለእርስዎ ዱዓ ከማድረግ ቦዝነን አናውቅም፤ በተለይ ዓርብ ዓርብ።

ልጃችን ሩቂያ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን አሠሪዎቿ ስለወሰዱባት፣ የምትደውልልን በልጆቻቸው ኮምፒውተር፣ ቤተሰቡ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ ብቻ ነው። ማዕከልዎ ዋይፋዩን ለሰፈሩ በነጻ ሲለቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውምና ስለ ውለታዎ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አሮጌው ኮምፒውተራችን ዋይፋይ በራሱ ስለማይስብ መቀበያ አስፈለገው። ባለሙያዎ ጥፍር የምታህለዋ ትበቃለች ብለውን ከደሴ አስመጣን፤ ከኋላ ብንሰካት የቆርቆሮው ግድግዳ ጋረዳት። ባለ አንቴናውን ግዙ ተባልን፤ ገዛን። ማስጀመሪያ ፕሮግራሙ በሲዲ ነበር፣ ኮምፒውተራችን ደግሞ ሲዲ አያነብም፤ ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤታችን አለምነው በፍላሽ ገልብጦ ሰጠን። በመጨረሻ በረጅም ገመድ አውጥተን መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቢሮዎ አዙረን ስናስቀምጠው ያለ እንከን ሠራ። እንግዲህ ወደ እርስዎ ፊቱን ያላዞረ ነገር እንደማይሠራ የተማርነው ያኔ ነው።

፪. ዓርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ለምሳ ሲወጡ፣ «መሣሪያውም ይረፍ» ብለው ነቅለው፣ በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ። ለብረት እንዲህ የሚራራ ኃላፊ በየትኛው ወረዳ ይገኛል? እኔ መስጊድ ስሄድ ሀዲያ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። መቀበያው አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ የሌለውን ዋይፋይ ይፈልጋል። እርስዎ ከምሳ ሲመለሱ፣ ሩቂያ ደውላ እንደነበር ስክሪኑ ይነግረናል። በሌላ ሰዓት ደውይ ብለን ጻፍንላት፤ ሌላ ሰዓት የላትም።

፫. ዓርብ እንዳይነቀልብን ያቀረብነውን አቤቱታ ኮሚቴ አቋቁመው ስላስጠኑልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ኮሚቴው ችግሩ የመቀበያችን ጥራት መሆኑን ደርሶበት ሌላ እንድንገዛ መክሮናል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የመንግሥትን ዋይፋይ መመኘትም የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት መሆኑን በስብሰባ ላይ አስረድተውናል። ታርመናል።

፬. ረመዳን ሊገባ ሲል በነበረው ዓርብ፣ ከምሳ ሲመለሱ የገባልን መልእክት ይህ ነበር፦ «አባ፣ ዛሬም የላችሁም? ወደ ሌላ ቤት ሊወስዱኝ ነው። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። ከመስጊድ እስኪመለሱ እየደወልኩ ነው።» ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ ስክሪኑ ላይ ስሟ ግራጫ እንደሆነ ቀርቷል። ለዚህኛው በምን ቃል እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ሀዲያ ዛሬ መቀበያውን እንድነቅል አትፈቅድም። መብራት ሄዶ አረንጓዴው ሲጠፋባት፣ ልጄ የት ጨለማ ውስጥ ናት እያለች ትነሣለች። እኔም በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እዚያ የሚሰማኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። ክቡር ሆይ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ፈርቻለሁ።

የምሳ ሰዓትዎ እስኪያልቅ መጠበቅ የለመደ፣ የበሩን ቁልፍ ድምፅ ከሩቅ የሚለይ፣ ከልብ አክባሪዎ
አበጋዝ ሃሩን፣ የሩቂያ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዋይፋዩ ከእንግዲህ ዓርብም እንደማይጠፋ በሩ ላይ ለጥፈው አየሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ባለጌዎች አሉ፤ እርስዎ አይስሟቸው። ባለፈው ዓርብ ሀዲያ እንደ ልማዷ ጠበቀች፤ አንዴም ሳይቆራረጥ ሠራ። እንዲህ ጥርት ያለ ዝምታ ሰምተን አናውቅም።