ድክመቷን በቅጽ ላይ ስለጻፈችው መምህርት

ለተከበሩና ለሚፈሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ለማይደክመው ጉሮሮዎ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲያበዛልዎ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን መስታወትና የዴስኩን እግር የማበጅ የጥገና ሠራተኛዎ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ስለ አመራር ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን በመምህራን ማረፊያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌም፣ እርስዎ ራስዎ «አሠራራችን ግልጽ ይሁን» ብለው ስላስተማሩን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። «መምህር የሚያድገው ድክመቱን ሲያውቅ ነው» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ለውጥ አስተማሩ። ጥያቄ በመጨረሻ ይቀርባል ተባለ፤ በመጨረሻም ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ የራስ መመዘኛ ቅጽ ታደለ፤ በእውነት ሙሉት፣ ማንም አይጠየቅበትም አሉ። አርባ አንዱ መምህራን ብዙ ያዩ ሰዎች ናቸውና፣ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» ብለው አስረከቡ። ቃልዎን ያመነች የአምስተኛ ክፍል የሂሳብ መምህርት ብቻ ነበረች። ክፍልፋይ ሳስተምር የኋላ ረድፍ ልጆች አይገባቸውም፤ ጉድለቱ የእኔ ይመስለኛል፤ ከእኔ የተሻለ ባልደረባ ሲያስተምር ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ ብላ ጻፈች።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ቅጽ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። ማስተማር አልችልም የምትል መምህርት ምን ልትሠራ ትመጣለች ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ የመስኮት መስታወት እገጥም ነበር። መደበቅ ኃጢአት ይሆንብኛልና ልጻፈው፤ እኔም ሳቅሁ። 

ሦስተኛ፣ መምህርቷ የጻፈችውን ቃል በቃል ጠቅሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስለሰጧት፣ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮም ከክፍሏ ወጥታ እቃ ቤት እንድትሠራ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ክፍሏን የሚረከበው ድክመቱ ሥራ ማብዛት የሆነው ሰው ነው አሉ። እኔም በየማታው ጉድለቴን ለፈጣሪዬ እናገራለሁ፤ እስከ ዛሬ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የመለሰልኝ ጊዜ የለም።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብዳል፤ የገዛ እጄ ያለበት ነውና። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት መምህርቷ፣ አባባ፣ የኋላዎቹን ወደፊት ላቅርባቸው፤ በብሎን የታሰሩትን ዴስኮች ከወለሉ ይፍቱልኝ ብላ ለመነችኝ። አሥራ ስድስቱን ፈታሁላት። ለሁለት ሳምንት በመስኮቱ ባለፍኩ ቁጥር የማየው ሌላ ክፍል ነበር። ሁልጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍታ የምትውል ልጅ ወረቀት አራት ቦታ ቀድዳ፣ ሦስቱን ለራሷ ይዛ፣ ስንት ቀረሽ እያለች ጎረቤቷን ታፋጥጣለች። እርስዎም አይተው ነበር፤ ያዩት ግን የተበላሸውን ረድፍ ነው። ዴስኮቹ እስከ ከሰዓት ተመልሰው እንዲታሰሩ አዘዙ፤ አሰርኩ። ተቆጣጣሪዎች የመጡ ዕለት ደግሞ ፈትተህ ክብ አድርገው አሉኝ፤ አደረግሁ። መምህርቷን ቆጠራ አግዢ ብለው እቃ ቤት ልከው፣ እርስዎ በክቡ መሐል ቆመው ፎቶ ተነሡ። የእንግዶቹ መኪና ከግቢው ሳይርቅ ብሎኖቹ ተመልሰው ጠበቁ። ያ ፎቶ ዛሬ «የለውጥ ፍሬ» ተብሎ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። በሥሩ ሳልፍ አፍንጫዬን መያዝ ያምረኛል፤ የሚሸተው ግን ከእጄም ጭምር ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዝም ብዬ ቤት ስገባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ውጠህ መጣህ ትለኝ ነበር። ከሞተች ወዲህ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ስውጥ ኖርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እንጨት ሠራተኛ ነኝና ነቀዝን አውቃለሁ፤ የእኔ ዝምታ ነቅዟል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ማስጠንቀቂያውን ቀድደው፣ መምህርቷን በክፍሏ ትተው፣ የጠየቀችውንም፣ የባልደረባዋን ክፍል ገብታ ማየቱን፣ እንዲፈቅዱላት እለምናለሁ። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ በር መክፈት ብቻ ነው፤ ማጠፊያውን ቀብቼዋለሁ፣ አይጮህብዎትም። እኔ በበኩሌ ዛሬ ጠዋት አሥራ ስድስቱንም ዴስኮች ፈትቻለሁ። ብሎኖቹ በቆርቆሮ ሆነው ጸሐፊዎ ጋ ይገኛሉ። ከእንግዲህ የሚያስራቸው ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ለእኔም ማስጠንቀቂያ መጻፍ ከፈለጉ ድክመቴን ከላይ በዝርዝር ሞልቼልዎታለሁ።

ፎቶ ባነሡዎት እጆች ሁሉ ላይ በረከት እየለመንኩ፣ ስታዘዝ የኖርኩ፣ በመታዘዜም የማፍር፣

የጥገና ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ይወዛወዛል ብለው አስጠርተውኝ ነበር። ከእግሩ ሥር አራት ቦታ ታጥፎ የተወሸቀ ወረቀት አገኘሁ፤ ስከፍተው ስምዎ ያለበት የራስ መመዘኛ ቅጽ ነው። በቦታው የእንጨት ቁራጭ አድርጌያለሁና ጠረጴዛው ከእንግዲህ አይነቃነቅም። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ከስምዎ በቀር ጭረት ያላረፈበት አዲስ ስለሆነ አሁንም መሙላት ይቻላል።