እናትህ ያላየችው ድልድይ

አበጀ፣

ውድ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲሁ አበጀ ይበቃሃል። ከተለያየን ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ስለ አንተ ክፉ የተናገረ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ለዚህ ደብዳቤ አስቀምጬው ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። መንገዱ ሲሰፋ የፊት አጥራችን ስለፈረሰ አሁን በቆርቆሮ ታጥረናል። ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ ትልቁ ባሕር ዳር ተቀጥሯል። ሳሎኑን ነጭ ቀለም አስቀባሁት። ለማስቀባት ደግሞ ግድግዳው ላይ የሰቀልካቸውን የእንግሊዝ ፎቶዎች ሁሉ ማውረድ ነበረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳና ራት የበላሁት እነሱን እያየሁ ነው። ሳወርዳቸው እየዘፈንኩ ነበር ብልህ እንዳትቀየም።

ወሬው ታላቅ ወንድምህ ጆሮ ደረሰ። ጋሼ ይግዛው ከይጁቤ ደውሎ «እነዚያ የእናታችን ፎቶዎች ናቸው፤ የአባታችን ቤት ይሰቀላሉ። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። የእናታችን ሲል ደሜ ፈላ። እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነበረኝ፤ አራቱንም ቀን ከአንተ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ።

አስታውስ እንግዲህ። ኮሌጁ ለአንድ ዓመት ትምህርት እንግሊዝ አገር ሲልክህ የሕንፃ ንድፍ መምህር ነበርክ። የገባህበት ከተማ አሮጌ ነበር፤ አንተም እዚያው ያገለገለ ካሜራ ገዛህ። እናትህ ከእኛ ጋር ነበረች የምትኖረው። ማንበብ ስለማትችል «ደብዳቤዬ ፎቶ ይሆናል፤ ከተማውን አንድ በአንድ አሳይሻለሁ» ብለሃት ነበር የሄድከው። የመጀመሪያው ፖስታ በጥቅምት መጣ። ግንቡ፣ የከተማው በር፣ ማማው ረጅም የሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ ፎቃቸው ወደ ጎዳናው ያዘነበለ የእንጨት ቤቶች። ከየፎቶው ጀርባ ሰዓቱንና ብርሃኑ በየት በኩል እንደመጣ ጽፈሃል። እናትህ ሁሉንም አየችና «ልጄስ የታለ?» አለች። አንዱም ላይ አልነበርክም። ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ ፈለገች። ያንን አልጻፍኩልህም፤ ሆድ ይብስሃል ብዬ ነው።

በኅዳር ሦስት ቀን ታማ አረፈች። ጋሼ ይግዛው ሽማግሌ ሰብስቦ ወሰነ፤ «ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ መርዶው ሲመለስ ይነገረዋል» ተባለ። የእሷን ቃል የምጽፍልህ እኔ ስለነበርኩ ውሸቱ እኔ ላይ ወደቀ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ይህን ጥፋቴን አልክድም።

ፎቶው ግን መምጣቱን አላቆመም። «እናትህ ሰላም ናት» ብቻ ብዬ ብጽፍ ትጠረጥራለህ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፎቶዎቹን አይታ ምን እንዳለች መጻፍ ጀመርኩ። በሁለተኛው ፖስታ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነበር፤ ሥሩ ያለው ውሃ ዝም ያለ ነው። «እናትህ ድልድዩን ወዳዋለች። ዝናብ ሲበዛና ወንዙ ሲሞላ አሳየኝ ትላለች» ብዬ ጻፍኩልህ። አንተም ሄድክ። በጉም ላከው፣ በበረዶ ላከው፣ አንድ ሽማግሌ ለዳክዬዎች ዳቦ ሲወረውር ላከው። «ከታች ሆነህ አንሳው ትላለች» አልኩህ፤ አፋፉን ወርደህ ከታች አነሳኸው። በመጨረሻ «እማዬ፣ ወንዙ ዛሬ ሞላልሽ» ብለህ ከጀርባው የጻፍክበት መጣ። አሥራ አንድ ድልድይ ሆነ። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር።

የተመለስክ ዕለት «ይጁቤ ሄዳለች» ብለን አሳደርንህ። ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጥተው መርዶህን ነገሩህ። ደረትህን መታህ፣ ጮህክ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮህ አለቀሰ። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞርክና «ድልድዩን ወደድኩት ያለችውስ?» አልከኝ። ሽማግሌዎቹ ሐዘን አእምሮህን የነካው መሰላቸው። እኔ ግን ገብቶኛል። መሬት መሬቱን አየሁ።

ካሜራውን በሳምንቱ ሸጥክ። ሴቷ ልጃችን ስትወለድ ፎቶ ቤት ይዤያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ድልድዮቹን ግን ፍሬም አስገብተህ ከመቀመጫዬ ፊት ለፊት ደረደርካቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህን እናቴ በጣም ወዳው ነበር» ትላለህ፤ ዓይንህ እኔ ላይ ነው። እንግዳው «ነፍሷን ይማር» ይላል። እኔ ወጥ እጨምራለሁ። አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? ያዘዘውን ወንድምህን ተቆጥተኸው አታውቅም፤ በየበዓሉ አብረኸው ትበላለህ፣ ትጠጣለህ። ጨካኝ ነበርክ አበጀ። ሰው ሁሉ ጭምት ሲልህ እኔ ብቻ ነኝ የማውቅህ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ያልጠየቅከኝ አንድ ነገር አለ። ግንብ እያለ፣ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ ለምን ድልድዩን መረጥሽ አላልከኝም። እኔ ባደግኩበት በሮብ ገበያ ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ድልድይ አልነበረም። ሰኔ ላይ ውሃው ይሞላና ዳር ቆሜ ደወሉ ሲደወል እሰማለሁ። ፈተና ያመለጠኝ፣ አንድ ክፍል የደገምኩት በዚያ ወንዝ ነው። ያንን ፎቶ ሳይ እናትህንም ውሸቱንም ረሳሁ። ሲሞላ አሳየኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሰው በላዩ በደረቅ እግሩ ሲሻገር ማየት ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ጋሼ ይግዛው ፎቶዎቹን የሚጠቀልልበት ሁለት ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ግንቡን ሰጠሁት፣ በሩን ሰጠሁት፣ ያዘነበሉትን ቤቶች ሰጠሁት። «ድልድዮቹስ?» አለ። የእኔ ናቸው አልኩት። ሊቆጣ ሲል ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «አይ አንች!» አለና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ብርድ ልብሶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ያዘዝኩሽ እኮ እኔ ነኝ» አለ። ይህችን ቃል ከአንተ ፊት ቢላት ኖሮ! ከዚያ የቀሩትን ጠቀለለና ሄደ።

አሥራ አንዱን መኝታ ቤት አስገባኋቸው። እንግዳ አያያቸውም፤ ማን እንደወደዳቸው የሚያወራም የለም። ለእናትህ ያነሳኻቸው መስሎህ ነው የሞትከው። እሷ አንዱንም አላየችም። የጠየቅኩህ እኔ፣ ያየሁት እኔ። በትዳራችን የለመንኩህን ሁሉ ሳታጉረመርም ያደረግክልኝ ያን ዓመት ብቻ ነው፤ እሱንም ለሌላ ሰው መስሎህ። ስለ ሳሎኑ ግድግዳ ይቅር አላልኩህም፤ እንዳልኩህ አድርገው ቢያወሩልህ እንዳታምን። ግን አልረሳህም አበጀ። ወንዝ እስኪሞላ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀልኝን ሰው እንዴት አድርጌ እረሳለሁ?

የሺ