ጸጥ ያለች፣ ችግር የለባትም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራስ? የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ያ የቢሮ ወንበር አሁንም አልተቀየረልሽም? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያሾፍብኝ በቀር ደህና ነኝ። ብደውልልሽ «ደህና ነኝ እማ፣ ቻው» እንደምትዪኝ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁብሽ። ወረቀት ጆሮዬ ላይ አይዘጋብኝም።

ልጄ፣ ደንግጬ ነው የምጽፍልሽ።

ከወር በፊት ክፍሌ አንዲት አዲስ ተማሪ ገባች። አባቷ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነው፤ መንገዱ ባለቀ ቁጥር ጓዛቸውን ጠቅልለው ይነሳሉ። ትምህርት ቤት ስትቀይር ይህ ስድስተኛዋ ነው። መቼም ታውቂኛለሽ፣ አዲስ ልጅ በመቀበል እኔን የሚያህል የለም። ርእሰ መምህሩ ራሱ፣ ተዘዋዋሪ ከመጣ ለእሷ ስጧት ይላል። ጎበዝ ልጅ አጠገቧ አስቀመጥኩላትና ግቢውን ላሳያት ይዣት ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ቀድማኝ ደረሰች። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን፣ ማንም የማያየውን ቧንቧ! ምን ያለች ንቁ ልጅ ናት ብዬ አደነቅኩ። እኔ ሞኟ!

ክፍልፋይ ላይ ስትደናበር አየሁና ምን ምን እንዳመለጣት ጠየቅኳት። በጣቷ ቆጠረችልኝ። የውሃ ዑደትን አራት ቦታ ተምራዋለች። ክፍልፋይ ግን ወይ እሷ ስትደርስ አልቆ፣ ወይ ሳይጀመር ሄዳ፣ አንድም ቀን አልገጠማትም። ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ከክፍል በኋላ ላስጠናት ተስማማንና ከየት እንደምጀምር ለማወቅ ፋይሏን ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ።

ስድስት መሸኛ አለው። «የመምህሩ አስተያየት» በሚለው መስመር ላይ ስድስቱም፣ የተማከሩ ይመስል፣ አንድ ነገር ጽፈዋል፤ «ጸጥ ያለች፣ ችግር የለባትም።» አይ መምህር፣ ለአንዲት መስመር እንኳ ይሰንፋል ብዬ ልስቅ ስል አራተኛው ወረቀት ላይ ዓይኔ ቀረ። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ያ ጅራቱ የሚረዝመው ፊርማም የእኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ዘጠኝ ሳምንት እኔ ጋ ተምራለች!

ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ። መልኳን፣ ድምጿን፣ የት ትቀመጥ እንደነበር ለማስታወስ ጭንቅላቴን ብበረብረው ምንም የለም። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ስሟን ጠርቻለሁ እኮ።

በማግስቱ፣ ታውቂኝ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ ቲቸር አለች። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ እንዳያፍሩ ብዬ ነው አለችኝ። እሷ ለእኔ አስባ! ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

መንገዱ ከሁለት ወር በኋላ ያልቃል፣ ትሄዳለች። ክፍልፋዩን እያገባደድን ነው። መሸኛዋ ላይ ግን ያቺ ጠባብ መስመር ስለማትበቃኝ፣ ለሚቀበላት መምህር ሙሉ ገጽ እየጻፍኩ ነው፣ ከእሷው ጋር ሆነን። ምን እናስገባበት ስላት፣ መዝፈን እንደምወድ ይጻፍልኝ አለች። ለካ ትዘፍናለች።

ይህን ሁሉ ለአንቺ የምዘበዝበው ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አይቀርም። እኔ በተዛወርኩ ቁጥር ደብተርሽን ታቅፈሽ ከኋላዬ ነበርሽ፤ አምስት ጊዜ። ትናንት ከቁም ሳጥኑ ላይ ካርቶኑን አወረድኩ። አምስቱም መሸኛዎችሽ አሉ። ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? ያኔ ደስ ብሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አንብቤላቸው ነበር። ሦስተኛውን ደግሞ የፈረምኩት ራሴ ነኝ። ያን ዓመት የክፍልሽ መምህር እኔ ነበርኩ።

ልጄ፣ ችግር ነበረብሽ?

ስትችዪ ጻፊልኝ። ሙሉ ገጽ ይሁን፣ አንድ መስመር ከላክሽ ወረቀቱን መልሼ እልክልሻለሁ። የምትወጂውንም አስገቢበት። ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ወገብሽንም ይማርልሽ።

መምህርሽም የነበረችው
እናትሽ