የመኪናዋ ግራ እግር

አል ራዋቢ፣ ኾበር
ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? አሁንም ከመኪና ስር ይገባሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተዉ እንጂ አባባ፣ ስልሳን ካለፉ ቆዩ። እናቴንስ ደም ብዛቱ ተዋት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ዛሬማ ከደኅናም በላይ ነኝ።

አሠሪዬ ማዳም የሟች ባሏ አሮጌ የጀርመን መኪና አለቻት፤ ከልጆቿ እኩል ነው የምታያት። የቤቱ ሾፌር ኑህ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፣ አልፎ አልፎ ያንቀሳቅሳታል። ባለፈው ወር ጉብታ ባለፈች ቁጥር ከፊት፣ በቀኝ በኩል ቋ ቋ ማለት ጀመረች። ደማም ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ የቀኙን እግር አሞርዛተር ቀየረ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። መካኒኩ አላውቅም ማለት ሞት ሆነበትና ሾፌሩ አጋጭቷት የሥሯ ብረት ተጣሟል ብሎ ተገላገለ። ኑህ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው። ማዳም በሳምንቱ መጨረሻ በኹሩጅ ጨርሶ ወደ አገሩ እንደምታባርረው፣ ወደዚህ አገርም እንዳይመለስ እንደምታደርግ ነገረችው። እኔም ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

እርስዎ ሴት ልጅ ግራሶ አትነካም ብለው ልጅ ሳለሁ ከጋራዥዎ ሲያባርሩኝ በበሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ቂም ይዤብዎት ኖሬያለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ። ለሠራተኞችዎ "ጆሮ ያሳስታል፣ በእጃችሁ ስሙ" ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው።

በአራተኛው ቀን ማዳምን ለምኜ መኪናዋ ዘንድ ወጣን። ኑህ ከፊት ኮፈኑን በሁለት እጁ ወደ ታች እየገፋ ሲለቅ እኔ ከጎማው ኋላ እጄን ሰደድኩ። ቀኙ ዝም አለ። ግራው ግን መዳፌን ይመታኝ ጀመር። ለካ የታመመው ግራው እግር ነው፤ ድምፁ ሁለቱን እግሮች በሚያያይዘው ብረት ተሻግሮ በቀኝ ይወጣል። ብረቱ ጭረት እንኳ የለበትም። በግራው መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ ግን በዚህ አገር ሙቀት ደርቆ እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። የማዳምን እጅ ይዤ እዚያው አኖርኩት።

"ማዳም፣ ይሄ ያረጀ ነው እንጂ የተመታ አይደለም" አልኳት።

ላስቲኩን በጣቷ ፈረፈረችው። "ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ" አለች፤ በቃ፣ ችግር የለም ማለት ነው፤ ለኑህ ይቅርታ መጠየቋ ነበር። ማን አስተማረሽ ስትለኝ አባቴ አልኳት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ እፎይ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ ላስቲክ ገብቶላት ትናንት በባሕሩ ዳር፣ በኮርኒሹ መንገድ ሄደን መጣን፤ ድምፅ የሚባል የላትም።

ለአንድ ሾፌር ምን አንገበገበሽ ይሉኝ ይሆናል። ሰው በሐሰት ሲከሰስ ዝም ማለት ሐራም ነው፤ ለጊዜው ይህ ይብቃዎ።

ማዳም ለኑህ የሁለት ወር ኢጃዛ ሰጥታው ለዕረፍት ወደ አገር ይገባል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እሱው ነው፤ አሮጌውን ላስቲክም ያሳይዎታል። አላህ ረመዳንን በሰላም ያድርስዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ላስቲክ ለማሳየት ሁለት ሽማግሌ ለምን አስከተልክ ብለው ደጅ እንዳያቆሙት፣ አደራ።

ልጅዎ