ዓሣ በጀሪካን

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሃል? የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ያን ሁሉ ዕቃ ያሸክሙሃል? የጅዳው ሙቀት ከሸዋ ሮቢት ይብሳል ብለኸኝ ነበር፤ አላህ ያቅልልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ዓይኗን ታክማ ተመልሳለች። ልጄ መሊካ ወደ ሦስተኛ ክፍል አልፋለች። ላሟ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ወደ ጅዳ የምትመጣው ነዒማ ናት። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስንት ጊዜ ልነግርህ ሞክሬ ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ባለፈው “አባ ምን ሆኖ ነው ከሰላምታ በላይ የማያናግረኝ? ምን አጠፋሁ?” ብለህ ስትጠይቀኝ ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አልነበረም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። አንተ ምንም አላጠፋህም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልጻፍልህ።

አብረውህ የሚኖሩት ልጆች፣ አባቴ ዓሣ በላባ ይይዛል ስትላቸው ሳቁብኝ ብለኸኝ ነበር። እዚህም ሲስቁበት ነው የኖሩት። በወጣትነቱ፣ መንገድ ሊቀይስ መጥቶ ከወንዛችን ዳር ድንኳን የተከለ ፈረንጅ ነው ያስተማረው። ከቀይ ዶሮ አንገት ላባ ይነቅልና በመንጠቆው ላይ በክር እየጠመጠመ ዝንብ አስመስሎ ይሠራዋል። ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን ሲወረውር ያየው ሁሉ “አደም ውሃ ሊገርፍ ወጣ” ይል ነበር። ሃምሳ ዓመት ገረፈው። ከያዘው አንድ ሁለቱን ለቤት ያመጣል፤ ሌላውን መንጠቆውን አላቆ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። እማ “ልትለቀው ለምን ያዝከው?” ስትለው መልሱ “ላየው ነዋ” ነው።

ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ከወንዛችን ጥልቅ ኩሬ ላይ እየበተነ ትንሹንም ትልቁንም ዓሣ አፍዝዞ ሲለቅም፣ ተው እያለ ቤት ለቤት የለመነው እሱ ነው። ከማዶ ከክርስቲያኖቹ መንደር ጋሽ ታከለ አገዙት። አጣዬ በተቃጠለ ሰሞን እዚህና ማዶ ሰላምታ ሲቋረጥ እንኳ ሁለቱ ከኩሬው ዳር መቀመጣቸውን አልተዉም። ምን እንደሚያወሩ እንጃ። ብርብራ ግን ቀረ።

የላክኸው የውሃ ሞተር የመጣ ቀን አባ ራሱ ከከተማ በባጃጅ ጭኖት መጣ። ዱዓ አደረገልህ። ክፉ ነገር ላክህ እያልኩህ አይደለም። ቤታችን በሞተሩ ባጠጣነው ሽንኩርት ነው ቆርቆሮ የለበሰው። እኔም ከባሌ ቤት ልጄን ይዤ ስመለስ አባ ከወንዙ ጥግ ያለችውን መሬት ሰጠኝ። ወንድምዬ፣ በሕይወቴ የራሴ ያልኩት ነገር ቢኖር ያ የሽንኩርት መደብ ነው።

እኛን ያየ ሁሉ ሞተር ገዛ። ባለፈው በጋ በዚያች ትንሽ ወንዝ ላይ የእኛን ጨምሮ ዘጠኝ ሞተር ቆሞ ነበር። አባ የእኛን ቱቦ ከኩሬው አውጥቶ ወደ ታች አወረደው፤ የዓሣ ጫጩት እንዳይስብም አፉን በአጎበር አሰረው። ከዚያ ሽማግሌ ሰብስቦ በፈረቃ እናጠጣ፣ ኩሬው ብቻ አይነካ ብሎ ለመነ። አንዱ ተነስቶ “አደም፣ የመጀመሪያውን ሞተር ከዚህ ወንዝ የተከለው ማን ሆነና ነው?” አለው። አባ ቆሞ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

በልጉ ቀረ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የኩሬው ውሃ ከጉልበት በታች ወረደ። ዓሣዎቹ አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅመው፣ የትልልቆቹ ጀርባ ከውሃው ወጥቶ፣ አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ነበር። አባ የቢጫ ጀሪካኖችን አናት ቆረጠና እኔንና ጋሽ ታከለን ይዞ፣ ዓሣውን ከላይ ከቋጥኙ ሥር ወዳለው ምንጭ ማጋዝ ጀመረ። ዳገቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በየመሐሉ እየቆመ፣ አየር እንዲያገኙ ብሎ፣ በጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ውሃ በእጁ ያማታዋል። ግማሾቹ ሳይደርሱ ይሞታሉ። የሞቱትን ለውሻ አልጣላቸውም፤ ቆፍሮ ቀበራቸው። ያን ጊዜ ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። አላለቀስኩም። ትከሻዬን ብቻ ነበር የሚያመኝ።

በሦስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ እነሱ ሲወጡ እኔ መደቤን ልይ ብዬ ቀረሁ። ጠዋት አስነስቼው የሄድኩት ሞተር ጠፍቷል። አባ ነው ያጠፋው። ቱቦውን ከውሃ አውጥቶ፣ ጠቅልሎ፣ ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጦታል። ሽንኩርቱ ለመነቀል ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። የሌሎቹ ስምንት ሞተሮች ይሠራሉ። ቆሜ ሰማኋቸው። ከዚያ ቱቦውን ዘረጋሁ። የታችኛው ውሃ አልቆ ጭቃ ስለነበር አፉን ወስጄ ከጥልቁ ኩሬ ከተትኩት። የሞተሩን ገመድ ሳብኩ፤ በሁለተኛው ተነሳ።

የእኛ ሞተር ድምፁ ከሌላው ይለያል፤ እንደሚያስል ሰው ነው። አባ ከዳገቱ ላይ ሰማው። ጋሽ ታከለ እንደነገሩኝ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጦ ቆመ። “ልጄ ከጅዳ ደውሎ አዟት ነው” አላቸው። ቤት ሲገባ እኔን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። “ዛሬ ወንድምሽ ደውሎ ነበር?” አለኝ። በዚያ ጠዋት ደውለህ ነበር። ሽንኩርቱ እንዴት ነው ብለኸኝ ደህና ነው አልኩህ፤ ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። “አዎ፣ ደውሏል” አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። እኔም አልጨመርኩለትም።

ኩሬው በዚያው ቀን የዐስር ሶላት ሳይደርስ ከነቀሩት ዓሣዎቹ አለቀ። ሽንኩርቴ ዳነ። ጥሩ ሽንኩርት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባ ወደ ውሃው ወርዶ አያውቅም። አንተ ስትደውል “ደህና ነህ? እኛም ደህና” ይልና ስልኩን ለእማ ይሰጣታል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞላ። ጋሽ ታከለ ምንጩ ጋ ጣት የሚያህሉ ዓሣዎች አይተው ይህንኑ ሊነግሩት ተሻግረው መጡ። አባ “አልሐምዱሊላህ” አላቸውና ስለ ማሾው ቡቃያ ጠየቃቸው።

አምስት ወር ሆነኝ። ሰው እንዲህ ሲያደርግ ይጸጽተዋል ይባላል። እኔ ግን እበላለሁ፤ እተኛለሁ፤ የልጄን ፀጉር እሠራለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ከግድግዳ ወዲያ ያለ ይመስለኛል። ከዚህ በላይ ትልቅ ሞተር ልላክ ወይ ብለኸኝ ነበር። አትላክ። ያለውንም አውጥቼ ጎተራ ሥር አስገብቼዋለሁ። ዘንድሮ መደቤ ላይ በዝናብ ማሾ ነው የዘራሁት።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት፣ ነዒማ ደብዳቤውን ልትወስድ ከመምጣቷ በፊት፣ አባ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት። ስለ ኩሬው የጻፍኩትንም አልዘለልኩም። ጨረስኩ።

“አበቃ?” አለኝ።

“አበቃ” አልኩት።

“አላበቃም። ሽንኩርቱ የእሷ መሆኑን እያወቅኩ፣ ሳልነግራት ነው ሞተሩን ያጠፋሁት ብለሽ ጻፊ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓሣ ሳሸክማት አንድ ቀን እንኳ መደብሽስ እንዴት ሆነ አላልኳትም ብለሽ ጻፊ።”

ይኸው ጻፍኩት። በሩ ላይ ከአጠገቡ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው፤ ፊደሉ ከተበላሸብህ ለዚያ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውል ብሎሃል። ስልኩን እኔ አላነሳውም፤ እሱ ራሱ ያነሳዋል።

አላህ ጀርባህን አፊያ ያድርግልህ። ክፉ አሠሪ አይጣልብህ። በሰላም መጥተህ ደጃችን ላይ ጫማህን የምታወልቅበትን ቀን ለሁላችንም ያሳየን። አሚን።

እህትህ