ሳላደርስ «አደረስኩ» ስላልኩት ጸሎት

እኔ ዝናሽ አበጋዝ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ተወላጅነቴ ደብረ ብርሃን፣ ነዋሪነቴ ኩዌት፣ ጅሊብ አል ሹዩኽ፣ ዛሬ ዓርብ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይህን ኑዛዜ በቃሌ ተናግሬ አጽፌያለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። የታመመው ልቤ ነው፤ ሰኞ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል። ሐኪሙ «አይዞሽ» እያለ ወረቀት አስፈርሞኛል፤ እንግዲያው እኔም የራሴን ወረቀት ላስፈርም።

ጸሐፊዬ ፍሥሐ ነው። ሥራው ሾፌርነት ነው፤ በልጅነቱ ድቁና ተቀብሎ ነበርና ጽሕፈቱ ያምራል። ምስክሮቼ አራት ናቸው፦ ክፍል የምትጋራኝ ሒክማ፣ ከታችኛው ፎቅ ምንተስኖትና ዘገዬ፣ እንዲሁም ኤልሳ። የኤልሳን ነገር በኋላ እናገራለሁ። እስከዚያው ማንም እንዳይነሣብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቤቴ። ደብረ ብርሃን ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሙሉ በሙሉ የልጄ የማህሌት ነው። ወንድሜ ቢተው የፊት ለፊቱ ክፍል «ለጊዜው» ብሎ ከገባ ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ቢተው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝም ካሉት ግን የማይወጣ ሰው ነው፤ ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ። እስከ መጪው ፋሲካ ይልቀቅ። እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመማት እሱ ስለሆነ የእናታችን አልጋና ቁም ሣጥን የእሱ ይሁን። ሲወጣ ማህሌት እስከ መንገድ ትሸኘው፤ አጎቷ ነው።

ሁለተኛ፣ የአንገት ሐብሌ ከነመስቀሉ፣ ልብሴም ሁሉ ለማህሌት ይሁን።

ሦስተኛ፣ መዝሙረ ዳዊቴም ለእሷው ነው። ማህሌት ሆይ፣ ስትቀበዪው አዲስ ነው ብለሽ እንዳትደሰቺ። አዲስ የሆነው ስላልተነበበ ነው።

እዚህ ላይ ፍሥሐ ቀና ብሎ አየኝ። ጻፍ ብዬዋለሁ።

ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር በማዳም ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ቆሜ ስጸልይ ፊቴ በእንባ ይታጠብ ነበር። ማህሌት ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፣ እናቴም አልጋ ላይ ነበረች። ማህሌት አደገች፣ ተማረች፣ አገባች። እናቴም በሰላም አረፈች። የምለምነው ሲያልቅ ጸሎቴም አብሮ አለቀ። ለጠየቀኝ ሁሉ «በሰው ቤት እንዴት አድርጎ ይጸለያል?» እል ነበር፤ በማዳም አሳብቤያለሁ። ውሸቴን ነው። ማዳም ሰላቷን ስትጨርስ «ሂጂ፣ አንቺም ጸልዪ፤ ሳህኑ የትም አይሄድም» ትለኝ ነበር። እኔ ክፍሌ ገብቼ በስልኬ ድራማ አያለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ዐሥራ አምስት ሴቶች ሆነን በስልክ የዳዊት ማኅበር አቋቋምን። ዳዊት ዐሥራ አምስት ንጉሥ ነውና ለእያንዳንዳችን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር ይደርሰናል፤ ሁላችን ከደገምን በአንድ ቀን ሙሉው ዳዊት ይደርሳል። የደገመች «አደረስኩ» ብላ ትጽፋለች። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ድርሻዬ ከአርባ አንድ እስከ ሃምሳ ነው። አንድ ቀን በማዳም ቤት እንግዳ በዛና «አደረስኩ» ብዬ አስቀድሜ ላክሁ፤ ማታ እደግመዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ተኛሁ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ አንዱንም መዝሙር አልደገምኩም፤ «አደረስኩ» በማለት ግን የሚቀድመኝ የለም።

አራተኛ፣ ስለዚሁ ማኅበር። አሕመዲ ከተማ በጽዳት የምትሠራው በላይነሽ አንድ ቀን «ዛሬ ስለደከመኝ ሦስት ብቻ ደገምኩ» ብላ ጻፈች። እኔም በሁሉ ፊት «እግዚአብሔር በግማሽ አይለመንም» ብዬ ገሠጽኳት። እሷ ሦስት ደግማለች፤ እኔ ምንም። በላይነሽ ሆይ፣ ይቅር በይኝ። ሰብሳቢነቱን ለአንቺ አውርሻለሁ፤ እንቢ ማለት የለም። «ዛሬ አልቻልኩም» የምትል ሴት ብትኖር አመስግኛት።

አምስተኛው ከሁሉም ይከብደኛል። አምና ጎረቤቴ ኤልሳ ኩላሊቷን ታማ ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ማኅበራችን ዳዊት ያዘላት። እኔ ሰባቱንም ሳምንት በየቀኑ «አደረስኩ» ብዬ ጻፍኩ። ስትድን ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች፤ ጉልበቴን ሳመች፤ «በእትዬ ዝናሽ ጸሎት ዳንኩ» ብላ ላገኘችው ሁሉ አወራች። እኔም ብርቱካኑን ተቀብዬ በላሁት። ከዚያ ወዲህ «በስመ አብ» ብዬ ስጀምር አፌ ይደርቃል። ሰው «ጸልዪልኝ» ባለኝ ቁጥር ከእግዚአብሔር ፊት የባሰ እሸሻለሁ።

ባለፈው ወር ሒክማ «አንቺ መቼ ነው የምትጸልዪው? አይቼሽ አላውቅም» አለችኝ። ተንኮል የለባትም፤ እሷ አምስቱን ሰላቷን እዚሁ አልጋዬ አጠገብ ትሰግዳለች። «በልቤ» አልኳት። አመነችኝ። ያን ዕለት አፈርኩ፤ ዛሬ የምናገረውም ከዚያ የተነሣ ነው።

ስለዚህ «ጸሎተኛ» የሚለው ስሜ ለማንም አይወረስም፤ ይሰረዝ። በቀብሬ ላይ «ጸሎተኛ ነበረች» ሊል የሚነሣ ቢኖር ፍሥሐ ቁጭ ያድርገው።

ስድስተኛው ሞቴን አይጠብቅም፤ ከዛሬ ይጸናል። በየቀኑ አንድ መዝሙር እደግማለሁ። አንድ ብቻ፣ ድምፄ ለራሴ ጆሮ እየተሰማ። ያልገባኝን መልሼ አነባለሁ እንጂ አልዘልም። እንባ ባይመጣም እቆማለሁ፤ ልቤ ደረቅ ከሆነም ደረቁን አቀርባለሁ። ለማንም «አደረስኩ» ብዬ አልጽፍም። ዛሬ ጠዋት አርባ አንደኛውን ጀምሬያለሁ። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ሐሳቤ ወደ ቢተው ክፍል ሄደብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎትቼ መለስኩት። ሰኞ ከሰመመን ከነቃሁ ሒክማ በየቀኑ «ዛሬስ?» ብላ ትጠይቀኝ፤ ሥልጣን ሰጥቻታለሁ። ብቆጣትም አትተወኝ።

ለኤልሳ ምንም አልተውኩም። ፍሥሐ እንደነገረኝ ምስክር አይወርስም። ምስክር እንድትሆን የጠራኋት ይህን ከእኔው አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው፤ ከሞትኩ በኋላ ከወረቀት ላይ እንዳታነበው።

ይህን ስናገር ኤልሳ ለፊርማ የያዘችውን እስክርቢቶ አስቀመጠች። ትወጣለች ብዬ ነበር፤ ብትወጣም መብቷ ነው። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ እንግዲያው አሁን ይጸልዩልኝ። እዚሁ፣ እየሰማሁ።»

ፍሥሐ፣ ይህንንም ጻፍ። ሒክማ ደግፋኝ ተነሣሁ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማተብኩ። ልጀምር ስል የክርስትና ስሟን እንደማላውቀው ታወቀኝ። አንድ ቀን እንኳ ጸልዬላት ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።

«ማን ብዬ ልጥራሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ነገረችኝ፤ እያለቀሰች። በዚያ ስም ጠርቼ «አስባት» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቃሉ አጭር ነው፤ የራሴ ነው፤ አፌም አልደረቀም።

ይህ ሁሉ በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ዝናሽ አበጋዝ

ጸሐፊ፦ ፍሥሐ፣ እንደተነገረኝ ጽፌያለሁ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ምስክሮች፦

ምንተስኖት፣ ፈርሜያለሁ።

ዘገዬ፣ ፈርሜያለሁ።

ሒክማ፣ ፈርሜያለሁ፤ የተሰጠኝንም ሥልጣን ተቀብያለሁ።

ኤልሳ፣ በክርስትና ስሜ ወለተ ሰንበት፣ ሲጸለይልኝ ሰምቼ ፈርሜያለሁ።