የሉባባ ፍንጭት

ቅዳሜ፣ ጥር 17፣ መካነ ሰላም

እህቴ ሉባባ ከጀርመን የመጣችው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። እዚያ የጥርስ ሕክምና አይቀመስም። ነገ ጠዋት አብረን አዲስ አበባ እንሄዳለን። ሐኪሙ የፊት ጥርሶቿን ፎቶ አይቶ በስልክ፣ "ክፍተቱን በአንድ ቀን እንደፍነዋለን" ብሏታል። ስንት የተዘፈነለትን፣ ከእናታችን የወረሰችውን፣ ልጅ ሆኜ የቀናሁበትን ፍንጭት ነው ክፍተት ያለው።

ዛሬ ጎረቤቶች ሊጠይቋት ተሰብስበው ሳለ እማ፣ "ምንሽን ነው የምትታከሚው?" አለቻት።

"ክፍተት አለኝ፣ ላስደፍነው ነው" አለች ሉባባ አቀርቅራ።

እማ የተቦረቦረ መንጋጋ መሰላት። እጇን ዘርግታ፣ "አላህ ይድፈንልሽ፣ ዳግም አይክፈተው" ስትል ቤቱ ሙሉ አሚን አለ። ክርስቲያኗ እትዬ ጥሩዬም ሳይቀሩ።

ጓዳ ስንገባ፣ "ምነው አታለልሻት?" አልኳት።

"ዱዓ አስደረግኩ እንጂ መቼ ዋሸሁ?" ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እዚያ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን አያይም፣ ፍንጭቴን ነው የሚያየው። አንቺ ምን አለብሽ" አለችኝ።

የተታለለችው የሰው እናት ብትሆን መጽሔት ላይ ለምጽፈው ዓምድ ግሩም ወሬ ነበረች። የኔ ሆነችና መቀመጫ አሳጣችኝ። ሻንጣውን ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። እማ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ዘሀራዬ፣ የታመመው የቱ ጋ ነው? ቀኝ ነው ግራ?"

"ፊት ለፊት ነው፣ እማ።"

"ፊት ለፊትማ የታመመ የላትም" አለች። ቀስ ብላም በምላሷ የራሷን ፍንጭት ነካች።